ሃያ ሦስተኛዋ ቁልፍ

ደብዳቤው የመጣው ሐምሌ ሲጋመስ ነው።
ሰባ አምስት ዓመት፣ ሕግ ነው፣ ገደብ ነው፤
ማመልከቻው የእርሳቸው፣ መልሱ የላይ ሰው።
አነበቡት፣ አጠፉት፣
ከመነጽራቸው ቤት ከተቱት።
«ሰዓዳ፣» አሉኝ፣ «መዝገቡን አምጪው፤
ሳያስረክብ የወጣ፣ ቄስም ቢሆን ሌባ ነው።»

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ እዚህ ቁምስና፤
ጁምዓ ስሄድ ስልኩን የሚያነሡልኝ አባ ዮስጦስ ናቸውና፣
ሲቆጡም ሲስቁም መልካቸውን አውቃለሁ።
የዚያን ቀኑን ግን አላውቀውም ነበር።

ፀሐይዋ የኮምቦልቻ ናት፣ ቆርቆሮውን ታንጫጫለች፤
የጨርቃ ጨርቁ ጡሩንባ የቀኑን ፈረቃ ትሸኛለች።
አዲሱ፣ አባ ፊልሞን፣ ትናንት ከእምድብር የደረሱ፣
ላባቸውን በመሐረብ እያበሱ፣ እንደገና እያበሱ፣
እኔ ስጠራ እሳቸው ያያሉ፦
ጄኔሬተር፣ አንድ። አለ።
የፕላስቲክ ወንበር፣ መቶ አርባ። አለ፤ ስድስቱ ግን እግር የላቸውም።
ደወል፣ የተሰነጠቀ።
ማኅተሙን ሲያስረክቡ ቀለሙ
ከሽማግሌው አውራ ጣት አልለቅ አለ።

ቁልፍ ላይ ደረስን።
የክሊኒኩ፣ የመዋዕለ ሕፃናቱ፣ የውኃ ታንከሩ፣
ሃያ ሁለቱ በየበራቸው አደሩ።
አንዷ ግን፣ ዝገት የበላት፣ ረዥም፣ ባለ ሁለት ጥርስ፣
ከጓዳ እስከ ቁም ሳጥን ብንሞክር፣ እስከ ቤተ መቅደስ፣
የሚቀበላት አፍ አጣች።
«እንግዲህ ትጣላ፣» አሉ አባ ፊልሞን።
አባ ዮስጦስ ተቀመጡ።

«ሰባ ሰባት፣» አሉ።
ወሎ ውስጥ ሰባ ሰባት ያለ ሰው
ሌላ ቃል መጨመር አያሻውም፤ እሳቸው ግን ጨመሩ።
«ከአስፋልቱ ዳር መጋዘን ነበረን፣ መንገድ ሲሰፋ የፈረሰው።
ኅዳር፣ ማክሰኞ ዕለት፣ የመጨረሻውን ከረጢት ሰጠን።
መኪና ከአሰብ ተነሥቷል ተባለ፤ ቀኑን የሚያውቅ የለም።
ከወረባቦ የወረደው፣ ከቃሉ የመጣው፣ ደጁን ሞልቶታል።
ባዶውን ቤት ቆለፍሁት።
ባዶነቱን ቢያዩ ይበተናሉ፣ በየመንገዱ ይወድቃሉ ብዬ።
‹ከተቆለፈማ አለ› ተባባሉ፤
ደጁ ላይ ተቀመጡ። አራት ቀን።
በአምስተኛው መኪናው ደረሰ። የተነሡት በሉ።
አንድ ሰው፣ ልጁን በትከሻው ተሸክሞ
ወደ ባቲ ሊያልፍ የነበረ፣
ጓጉንቸሩን አይቶ ቀረ።
እንዲያው ቀረ።»

ጡሩንባዋ እንደገና ጮኸች።
«ተናዝዣለሁ፤ ተፈትቻለሁም፤
ምሕረት ነበር ወይስ ውሸት፣ ዛሬም አለየሁም።»

አባ ፊልሞን መሐረባቸውን ረሱት።
እኔም ብዕሬን ይዤ፣ «ምን ብዬ ልጻፍ?» አልኩ፤
የሒሳብ ሠራተኛ ሌላ ምን ይላል?
«ያለውን፣» አሉኝ።
ጻፍኩ፦ ተራ ቁጥር ሃያ ሦስት። ቁልፍ፣ አንድ። በር የለውም።
ፈረሙ። እጃቸው ተንቀጥቅጦ
ፊርማቸው ከሳጥኑ ወጣ፣ የእኔን ስም ነካ።

«ልወስዳት እፈልጋለሁ።»
«ይውሰዷት እንጂ፣ አባ!»
«በመውጫ ፈቃድ ነዋ! ንብረት ያለ ወረቀት አይወጣም
ያልኩት እኔ አይደለሁ?»
በሦስት ኮፒ ጻፍኩላቸው።

በማግስቱ ይመር ዘበኛው
ፈቃዱን ተቀብሎ ፊደል በፊደል አነበበው፤
ቁልፏን በመዳፉ መዘናት።
«ይኸው ብቻ?»
«ይኸው ብቻ።»
የምን በር እንደሆነች ሊጠይቅ ቃጣና
መዝጊያውን ከፈተ።

እስከ መናኸሪያው ሻንጣቸውን ያዝኩ፤ ቀላል ነበር።
እሳቸው ወደ ጉሙ፣ ወደ ጦሳ ሥር፣ አንዲት ክፍል ተሰጥቷቸዋል፤
ሐረጎን ሲወጡ ጋቢ እንዲደርቡ ነገርኳቸው።
«አብሽሩ፣ አባ» ልል አፌን ስከፍት
ረዳቱ ደረቱን ከሚኒባሱ አውጥቶ፣
«ደሴ! ደሴ! አንድ ሰው ነው የቀረው!
አንድ ሰው!» እያለ ጮኸ።
አባ ዞር አሉ፣
ማን እንደሆነ ለማየት።